ለጊታር የተተከለ ድንኳን

ሃያ ዓመት ሙሉ የፓንክ ሮክ ክለብ ጠርጌ ሙዚቃውን አንድም ቀን ሲጫወቱት አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል? እውነቴን ነው። እነሱ ማታ ይጮኻሉ፣ እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥረጊያዬን ይዤ እደርሳለሁ። የማውቀው ጩኸታቸውን ሳይሆን ከጩኸታቸው የተረፈውን ነው። የተሰበረ የድራም ዱላ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ በላብ የራሰ ካናቴራ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረቀት። ወረቀት ብቻ በሦስት ፌስታል ጠቅጥቄ የምወጣበት ቀን ነበር።

ክለቡ እዚህ በስደት አገር፣ ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አሁን የባቡሩ ጣቢያ ካለበት አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ የጡብ ሕንፃ ነው። ከላይ እነሱ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ የእኛ እድር። ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። እድራችን በየሰው ሳሎን እየተሰበሰበ ሲንከራተት፣ ባዶውን የተቀመጠውን ቤዝመንት አየሁና የክለቡን ኃላፊ ለምኜ ለእድሩ ተከራየሁ። ሹመትም አገኘሁበት። የእድሩ ንብረት ያዥ ሆንኩ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው፣ ሁሉም በእኔ ቁልፍ ሥር ነው።

የክለቡ ኃላፊ በዚያን ጊዜ ፀጉሩን አረንጓዴ ቀብቶ መሐል አናቱ ላይ እንደ ዶሮ ኩክኒ የሚያቆም ቀጭን ሰው ነበር። ዛሬ ፀጉሩ የለም። እኛ ግን አሁንም አረንጓዴው ነው የምንለው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ወንበር ላይ ጥሎት የሄደ የቆዳ ጃኬት አገኘሁ። ክርኑ ተቀዷል፣ ትከሻው በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል፣ ጀርባው ተተርትሯል። ይሄ ሰው እናት የለውም እንዴ አልኩና ቤቴ ወስጄ አንድም ቀዳዳ ሳላስቀር ሰፋሁለት። መርፌ ቁልፎቹንም አንድ ባንድ ነቅዬ፣ እንዳይጠፉበት በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። በማግስቱ ጃኬቱን ሲያይ ፊቱ ቀላ። «እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም» ነው ያለኝ። ቀዳዳው ሆን ተብሎ የተቀደደ መሆኑን የተረዳሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው! እሱ ግን ጃኬቱን እንደሰፋሁት ለበሰው። ጓደኞቹ ሲስቁበት እንኳ አላወለቀም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ወለሉ ላይ የሚበተነው በራሪ ወረቀት ነበር። ስለ ጦርነት፣ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ደን፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ኪራይ። መጀመሪያ ያገኘሁትን ገና ሳየው ፈራሁ። በልጅነቴ አዲስ አበባ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ደጃችን ላይ ተጥሎ ሲገኝ አባቴ ሳያነበው ነበር እሳት ውስጥ የሚከተው። ስለዚህ እኔም ዙሪያዬን አይቼ፣ ጥቃቅን አድርጌ ቀድጄ፣ በሹራቤ ሥር ደብቄ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ወሰድኩት። አንድ ወር ሙሉ እንደዚያ አደረግኩ። እነዚህን ልጆች ከእስር እያዳንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አረንጓዴው ስቀደው አየኝና ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው አልሳቀም። በማግስቱ አንዱን ወረቀት በመስታወት አስገብቶ በሩ ላይ ሰቀለው። «እዚህ ማንም አይወስደንም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አነበው ጀመር። እንግሊዝኛዬ ከዚያ ወለል የተለቀመ ነው። ሌላው ሰው በትምህርት ቤት «ጉድ ሞርኒንግ» ብሎ ሲጀምር፣ እኔ «እምቢ» ማለትን ነው ቀድሜ የተማርኩት። ለዚህ ይሆናል ዛሬም ሥራ ቦታ ምላሴ ስለታም ነው የሚሉኝ።

ፓንክ ሲሞት የሙዚቃ ሐያስያን ምን እንዳሉ አላውቅም። እኔ ያወቅኩት በመጥረጊያዬ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ቀነሰ። ሦስቱ ፌስታል ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አንድ፣ በመጨረሻም ምንም። ወረቀቱ ወደ ስልክ ገባ፣ ንዴቱም አብሮት ገባ። ድሮ ሁለት መቶ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ አብሮ ይናደድ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ለብቻው ይናደዳል። ከዚያ የድራም ዱላው ስብርባሪ ቀነሰ። የሚጫወቱት ልጆች ድሮ ሳህን እያጠቡ፣ አራትና አምስት ሆነው አንድ ቤት ተከራይተው፣ ጋራዡ ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ኪራይ ሲሰቀል ጋራዡ ቀረ። ጋራዥ የሌለው ባንድ የት ይጩህ? አውሮፕላን የሚሠራውና ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ሰፈሩን ለቆ፣ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ባለላፕቶፕ ገባበት። አዲሶቹ ጎረቤቶች ደግሞ ማታ ድምፅ በዛብን ብለው ለከተማው ኮል ያደርጋሉ።

ሳላነሳው የማላልፈው ሌላም ነገር አለ። ፓንኮቹ ዝም ያሉት ስለተሸነፉ ብቻ አይደለም። ከሚጮኹለት ነገር ግማሹን አሸንፈውታል። በወረቀቱ ላይ ያነበብኩት የደሞዝ ጭማሪ ሕግ ሆኖ በራሴ ቼክ ላይ አይቼዋለሁ። ስታመም የሚከፈለኝን ቀንም እንዲሁ። ግን ደሞዙ አንድ እርምጃ ሲሄድ ኪራዩ ሦስት ሄደ። በዚህ መሐል ልጄ አንድ ቀን ጉልበቱ የተቦጫጨቀ አዲስ ሱሪ ገዝታ መጣች። መርፌና ክር ሳነሣ ጮኸችብኝ። «ማም፣ ኖ! ኢትስ ፋሽን!» አለችኝ። ቀዳዳው ሱቅ ውስጥ መሸጥ ሲጀምር የክለቡ ነገር እንዳለቀ ገባኝ።

እኛንስ ቢሆን ማን ተወን? በዚያው ኪራይ እድርተኛው ተበተነ። ግማሹ ኦበርን መጋዘን አጠገብ፣ ግማሹ ዴ ሞይን ኤርፖርቱ ጥግ ሄደ። ድሮ በእግራቸው ይመጡ የነበሩ ሰዎች አሁን አንድ ሰዓት በትራፊክ ታሽተው ነው ስብሰባ የሚደርሱት። የእነሱ ባንድና የእኛ እድር የሚሳሳው በአንድ ምክንያት ነበር፤ ከላይና ከታች ሆነን አልተነጋገርንም እንጂ።

በመጨረሻ ደብዳቤ መጣ። ሕንፃው ተሽጧል፣ ፈርሶ አፓርታማ ይሠራበታል፣ ክለቡም እድሩም በሦስት ወር ውስጥ ይልቀቁ። የእድራችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስብሰባ ጠርተው ደብዳቤውን አነበቡና «እኛ ምን አቅም አለን? ዕቃውን ኦበርን ስቶሬጅ እናስገባውና በሰላም እንውጣ» አሉ። ጭንቅላት ሁሉ ተነቀነቀ። እኔ ዓይኔ ደም ለበሰ።

«ጋሼ፣ ድንኳኑ ኦበርን ከገባ የሚደርሰው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው» አልኩ።

«ታዲያ አንቺ ሕንፃ ትገዢልናለሽ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። ተቀመጥኩ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣ ይሄ አዳራሽ ከሄደ እድሩም ሁለት ዓመት እንደማይቆይ ለራሴ ነገርኩት። ሰው የሚሰበሰብበት ካጣ ቀስ በቀስ መቅረት ይለምዳል። ቀጥሎ የሚሞተው ሰው ለብቻው ይሞታል። ያስፈራኝ ይኸው ነበር፤ ከአንዲት ልጄ በቀር ዘመድ የሌለኝ ሰው ነኝና ያ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ።

በዚያው ሰሞን አረንጓዴው ስጠርግ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ቀብር አለን። ብትመጪ ደስ ይለኛል» አለኝና ሄደ።

ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም። ሐዘንተኛን ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ደግሞ መጠየቅም አላስፈለገኝም። የድሮው ድራም መቺ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስል፣ ሲከሳ፣ በምርኩዝ ሲሄድ አይቻለሁ። ነፍሱን ይማር አልኩ። አርብ ጠዋት አራት ሰዎች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው ሲያስገቡም በዓይኔ አየሁ። የንብረት ያዥ ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ድንኳን ይተከላል፣ ወሬው በኋላ ይጣራል። ለለፋፊያችን ኮል አደረግኩ።

«የእድር አባል ነው እንዴ?» አለኝ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ጣሪያ ያካፈለን ጎረቤት ነው። አባል ካልሆነ ምንድነው?»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ አትቆጪ» አለና ግሩፑ ላይ ለጠፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ድንኳኑን ተከልን። አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው መጣ፣ ከኦበርንም ከዴ ሞይንም መኪና እየተከታተለ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። እንዲያ ተሟልቶ የወጣ እድርተኛ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ኮራሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሼን አስከትዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ክለቡን አንኳኳሁ።

በሩን የከፈተልኝ ሟቹ ራሱ ነበር።

በምርኩዙ ተደግፎ ፈገግ አለልኝ። እኔ ጮኽኩ። እሱ ደንግጦ ጮኸ። ጋሼ አማተቡ። ከኋላው ጥቁር የለበሱ አንድ መቶ ያህል ሰዎች ቆመዋል፣ ያለቅሳሉ፣ መድረኩ ላይ ሣጥኑ ተከፍቷል። ውስጡ ያለው አንገቱ የተሰበረ ጊታር ነው። የቀበሩት ክለቡን ነበር።

እፍረት ገደለኝ። ጋሼ ዞረው ጠመዱኝ። «የእድሩን ድንኳን ለጊታር አስተከልሽ? ሰው ከዴ ሞይን ድረስ ለጊታር መጣ? ቁልፉን አምጪ!» አሉ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ይሄኔ የእድራችን ሙሾ አውራጅ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት፣ በሁለት ሴቶች ተደግፈው በሩ ላይ ደረሱ። የሰውን ፊት አንድ ባንድ አዩ።

«ለምንድነው የሚያለቅሱት?» አሉኝ።

«እማማ፣ ሰው አልሞተባቸውም። ቤታቸው ሊዘጋባቸው ነው።»

«ቤቱ የተዘጋበት ሰው አያለቅስም?» አሉ። ጋሼን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ገቡና ሣጥኑ አጠገብ ቆመው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው አወረዱት፦

በሩ ተዘጋ ወይ፣ ያ ጩኸት ያለበት፣
አሁን በየት በኩል ይውጣ የሆድ ብሶት።

አንድም ቃል ያልገባቸው ፓንኮች ወደ ሣጥኑ ተጠጉ። ሴቶቻችን ተከትለው ገቡና ተቀበሏቸው። ድራም መቺው ምርኩዙን ጥሎ ከድራሙ ኋላ ተቀመጠና፣ በጣቱ ብቻ፣ ቀስ ብሎ መምታት ጀመረ። ያኔ ነው እውነተኛው ለቅሶ የመጣው። ንቅሳት አንገቱን የሸፈነው ግዙፍ ሰውዬ የማያውቃቸውን እናት ትከሻ ተደግፎ ሲንሰቀሰቅ አየሁ። እኔም አለቀስኩ። ለጊታሩ አልነበረም። ሳለቅስ ነው ለማን እንደማለቅስ የገባኝ፤ ለአዳራሹ፣ ለእድሩ፣ በስተርጅና ለብቻዬ እንዳልቀር ለራሴ።

ንፍሮው ሲታደል አረንጓዴው መጥቶ «ይሄ ስንት ቀን ይቆያል?» አለኝ።

«ሦስት ቀን» አልኩት። ሌላ መልስ አላውቅም።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እየቆመ ጠየቀ፣ ባጅ ያንጠለጠለውም ሳይቀር። በሁለተኛው ቀን ነው እድሩም አብሮ እየተባረረ መሆኑን ፓንኮቹ የሰሙት። በወሬ ወሬ ከተማው ሕንፃው ከመፍረሱ በፊት የሕዝብ አስተያየት እንደሚሰማ የነገሩንም እነሱ ናቸው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሶ፣ ገብተን መናገር እንችላለን ማለት ነው? ማንም ሰው?» አሉ። «ማንም» አለ አረንጓዴው። «ግን ሰው አይመጣም። እኛ ስንጠራ አሥር ሰው ነው የሚመጣው።» ጋሼ ፈገግ አሉ። «ሰው ማምጣቱን ለእኛ ተወው» አሉት።

እነሱ መጮኽ ያውቃሉ፣ እኛ ስም መጥራት እናውቃለን። ነገሩ ይኸው ነው። አረንጓዴው ምድር ላይ ተንበርክኮ፣ ፊደላችንን አንድ ባንድ ከወረቀት እየገለበጠ፣ ጨርቅ ላይ በጥቁር ቀለም መፈክር ጻፈ። «ሀ»ን ገልብጦ ነበር፣ አሳረምኩት። ለፋፊያችን የፓንኮቹን ዝርዝር ተቀብሎ፣ እንደ እድርተኛ ለእያንዳንዳቸው ኮል እያደረገ «ሐሙስ ስምንት ሰዓት፣ መቅረት የለም» አላቸው። ከባሕር ማዶ የመጡ ዘመዶቹ ይመስል በስማቸው ያዛቸው።

ሐሙስ ዕለት የከተማው አስተያየት መስሚያ አዳራሽ መቀመጫ ጠፋበት። ጋሼ በር ላይ ቆመው፣ በእድር መዝገብ፣ ባለንቅሳቱንም ባለነጠላውንም እያስፈረሙ አስገቡ። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። ያዘጋጀሁት ወረቀት ነበረኝ፤ ማይክራፎኑ ፊት ስቆም ፊደሉ ሁሉ ጠፋኝ።

ስለዚህ የጠረግኩትን ተናገርኩ። ይሄን ቤት ሃያ ዓመት ጠርጌዋለሁ አልኩ። ሦስት ፌስታል ወረቀት እጠርግ ነበር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ አሁን ምንም የለም። ሰው መናደዱን ስላቆመ አይደለም። የሚሰበሰብበት ስላጣ ነው። እኔ ከመጣሁበት አገር አባቴ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርቶ ያቃጥል ነበር። እዚህ ግን የሚያቃጥል ሳይኖር፣ ማንም ሳይታሰር፣ በኪራይ ብቻ ወረቀቱ ጠፋ። ይኸው ነው የማስጠነቅቃችሁ አልኩ። ድምፄ እየጨመረ መሄዱ ለራሴ አልታወቀኝም። መጨረሻ ላይ ለካስ እየጮኽኩ ነው። በሕይወቴ ሰው ፊት ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ! ከኋላዬ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ፓንኮቹ በቦት ጫማቸው እየረገጡት ነው፣ እናቶቻችን ደግሞ እልልታውን ለቀቁት። ሰብሳቢዋ ጸጥታ እያለች በመዶሻዋ ብትመታ ማን ሊሰማት።

ውሳኔው የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። አዲሱ ባለቤት አፓርታማውን ከላይ ይሠራል፤ ክለቡና ቤዝመንቱ ግን አይነኩም፣ ኪራያቸውም እንደነበረ ይቀጥላል። ጋሼ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

የድሮው ፓንክ አልተመለሰም፣ ልዋሽ አልፈልግም። አሁን የሚጫወቱት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ አረንጓዴው ራሱ ማታ ሲሆን እንቅልፉ ይመጣል። እኔም በመጨረሻ ሰማሁት። ያደነቁራል! ግን ባለፈው ስጠርግ ወለሉ ላይ ወረቀት አገኘሁ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ስብሰባ። አልጣልኩትም፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

በዚህ ወር የመጀመሪያ እሑድ ቤዝመንቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ጸሐፊያችን እንደ ደንቡ ስም ጠራ። አሥራ ሰባት አዲስ አባላት አሉን። ጸሐፊው የእንግሊዝኛውን ስም እየሰባበረ ሲጠራ ባለንቅሳቱ ተነሥቶ «አለሁ!» አለ። ድራም መቺው ምርኩዙን አንሥቶ «አለሁ!» አለ። አረንጓዴው እኔ የሰፋሁለትን ጃኬት ለብሶ፣ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ «አለሁ!» አለ። ቀጥሎ የእኔ ስም ተጠራ። ሃያ ዓመት ሙሉ እጄን ብቻ ነበር የማወጣው።

«አለሁ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!» አሉ ጋሼ ጆሯቸውን ይዘው፤ ፊታቸው ግን በሳቅ ተሞልቶ ነበር።